ላቡ የደረቀው አጫጅ

አንድ ደገኛ ገበሬ ነበረ። መሪጌታ ልሳነወርቅ ነገራቸውን እንዲህ የጀመሩት፣ ሰሊጥ አጫጆችን እየመራ ቆላ ሊወርድ የተነሣው ስጦታው፣ ሰዎቹን በቀትር ጥላ ሥር እንዲያሳርፍ ቢመክሩት፣ «የኔታ፣ ሰውየው ራሱ ደኅና ነኝ እያለ እኔ በግድ ጥላ ሥር ላስቀምጠው?» ብሎ ስለ ጠየቃቸው ነው።

ገበሬው ከመንደሩ ሰዎች ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወረደ። የአጫጆቹ መሪ የእኅቱ ባል ነበረ። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ፍሬው ተፈልቅቆ ስለሚረግፍ ያስቸኩላል። ቢሆንም ያገሩ ሰዎች ፀሐይ ስትበረታ ማጭዳቸውን ጥለው ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ደገኞቹ ይህን ባዩ ጊዜ የቆላ ሰው ለምን እንዳልከበረ ወዲያው ገባቸው። እነርሱ በአንድ ረድፍ ተሰልፈው ያጭዳሉ፤ ረድፉን ለቆ የወጣ ይዘፈንበታል። ውኃም የሚጠጣው የማሳው ዳር ሲደረስ ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ገበሬው «ራሴን ፈለጠኝ፤ ያቅለሸልሸኛል» አለ።

«ምነው አማቼ፣ ቅቤ ነህ እንዴ የምትቀልጠው?» አለው የእኅቱ ባል።

አጫጆቹ ሳቁ። ገበሬውም አብሯቸው ሳቀና ማጭዱን አነሣ። ከዚያ ወዲያ ሲጠየቅ መልሱ «ደኅና ነኝ» ብቻ ሆነ።

ቀትር ላይ ላቡ ቆመ። ሸሚዙ ደርቆ ጨው አወጣ፤ ሰውነቱ እንደ ምጣድ ጋለ። መሪው ጀርባውን ዳሰሰውና ደስ አለው።

«እዩት! ላቡ ደረቀ፤ በረሃውን ለመደው!»

«ጎሽ! ጎሽ!» አሉት ጓደኞቹ።

ጥቂት ቆይቶ ገበሬው ወደ ታጨደው በኩል ዞረና ባዶ መሬት ማጨድ ጀመረ። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ሲወድቅም ገና ሳቃቸውን አልጨረሱም ነበር።

ከዛፉ ሥር አንድ የቆላ ሽማግሌ እየሮጡ መጡ። ወደ ጥላ አስወሰዱት፤ ልብሱን አስወልቀው የመጠጥ ውኃውን ሁሉ አፈሰሱበት፤ በነጠላቸው ያራግቡለት ጀመር። «ሙቀት ሲገድል ነው ላብ የሚደርቀው፤ ከደረቀ ምን ያህል ቆየ?» ብለው ጠየቁ። መኪና ተገኝቶ ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ገበሬው ሞተ።

መሪው አስከሬኑን ይዞ ወደ ደጋ ተመለሰ። ከቀብሩ በኋላ ሚስቱ፣ የሟች እኅት፣ «ወንድሜ አሞኛል አላለህም?» ስትል ጠየቀችው።

«አንድ ጊዜ ብሎኝ ነበር» አላት።

መሪጌታ ወደ ስጦታው ዞር አሉ።

«እንግዲህ ደኅና ነኝ ያለው ገበሬው ይመስልሃል? እንደዚያ ያስባለው ረድፉ ነው፤ ረድፉን ያሰለፈው ደግሞ መሪው። አንተም ነገ እንደዚያ መሪ ነህ። ሰዎችህ የሚነግሩህ አንተ መስማት የምትወደውን ነው። ስለዚህ ማንንም በግድ አታስቀምጥ። ፀሐይ ሳትበረታ አንተው ቀድመህ ጥላ ሥር ተቀመጥ፤ ውኃውንም ቀድመህ ጠጣ። ይሣቁብህ።»