አያ ጅቦ አልጎሪዝም የተማረ ጊዜ

አንድ ጊዜ፣ ያውም አንበሳ «ዩኒቨርሲቲ የሌለው ጫካ ምኑ ጫካ ነው!» ብሎ ግቢ በከፈተ ሰሞን፣ አልጎሪዝም የሚባለውን ኮርስ የሚያስተምር ጠፋ። ዝንጀሮ «እኔ ራሴ የወደቅኩበትን!» ብሎ ሸሸ። በመጨረሻ እመት አህያ ተቀበለች፤ ምን ታድርግ፣ ጭነት ለምዳለች።

አያ ጅቦ ሁልጊዜ ፊተኛው ወንበር ላይ ነው። ጎበዝ ተማሪ እንዳይመስላችሁ! የአህያዋ ሽታ ከዚያ በደንብ ስለሚደርሰው ነው። እሷም ታውቃለች፤ ለዚህ ነው በሩን ተጠግታ የምታስተምረው።

«አልጎሪዝም ማለት አንድን ችግር ደረጃ በደረጃ የምንፈታበት መንገድ ነው» አለች። «ስግብግብ የሚባል ዘዴ አለ። በየደረጃው ከፊቱ ካለው ትልቁን ይመርጣል፤ ቀጥሎ ስለሚመጣው አይጨነቅም።»

«ቲቸር፣ ይሄማ የቤታችን ሙያ ነው!» ብሎ ጅብ ተነሳ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም! መቼ እንደሚያዋጣና መቼ ገደል እንደሚከት ሳናረጋግጥ...»

እሱ እቴ! «ገባኝ» ብሎ ወጥቷል።

የፈተናው ዋዜማ ደረሰ። ደብተሩን ገልጦ የማያውቀው ቀበሮ ጭንቅ ይዞታል።

«አያ ጅቦ፣ አስተማሪ ከሌለ ፈተና ይኖራል?»

«ከየት መጥቶ!»

«ታዲያ ምን ቆመህ ታየኛለህ? እመት አህያ ቢሮዋ ውስጥ ብቻዋን ናት።»

ጅብ ምራቁን እየዋጠ ገባ። አህያ ስታየው ወደ ግድግዳው አፈገፈገች።

«ልትበላኝ ነው?»

«እንግዲህ ቲቸር፣ እንዳይቀየሙኝ።»

ምስኪን! በሩን እሱ ይዞታል፣ የሚደርስላት የለ። ያላት ትምህርቷ ብቻ ነው።

«ኧረ አንተ ልጅ፣ ትልቁን ምረጥ አላልኩህም? እኔ አጥንቴ የወጣ ከሲታ ነኝ። ጎረቤቴን በሬን አላየኸውም?»

ጅብ አፈረ። «እውነትዎን ነው» ብሎ ወደ በሬ ቢሮ ሄደ። በሬም እያመነዠከ «ከእኔማ ጎሽ ይበልጣል» አለው። ጎሽ ቀና ሳይል «ከእኔ ዲኑ ይበልጣል» አለ። የግቢው ዲን ዝሆን ነው።

ጅብ ሳያንኳኳ ገባ። ዙሪያውን አየ፤ ከዚህ የሚበልጥ የለም። «አገኘሁት!» ብሎ የዲኑን እግር ነከሰ።

ዝሆን ደግሞ ለተማሪ አቤቱታ ትዕግሥት የለውም። በኩምቢው ጠቅልሎ በመስኮት ወረወረው። ከመስኮቱ ሥር ቀበሮ የፈተናውን መሰረዝ ምሥራች እየጠበቀ ተቀምጦ ነበር፤ ጅብ አናቱ ላይ አረፈ።

በማግስቱ እመት አህያ ደስ ብሏት ፈተናውን አደለች። ቀበሮ ጭንቅላቱን በፋሻ ጠምጥሞ ባዶ ወረቀት ላይ ያፈጣል። የመጀመሪያው ጥያቄ «ስግብግብ ዘዴ ገደል የሚከተው መቼ ነው? በምሳሌ አስረዳ» ይላል።

ጅብ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱን አወቀው። ምን ዋጋ አለው፣ የሚጽፍበት እጁ ተሰብሯል።

ከዚህ የምንማረው፣ የትምህርቱን ግማሽ ሰምቶ «ገባኝ» ብሎ የሚወጣ ሌላውን ግማሽ በአጥንቱ እንደሚማረው ነው።