ድምፁን ያስጠፋው ሹም

አንድ ሹም በሚገዛት ከተማ ጫፍ ላይ ተራራ የሚያህል የቆሻሻ ክምር ነበር። ዝናብ በመታው ቁጥር ከሥሩ ጥቁር ፍሳሽ እየወጣ ወደ ታች ሰፈር ይወርዳል። የታች ሰፈር ሰው ጥቁረቱን አይቶ ስለሚፈራው ሩቅ ምንጭ ድረስ እየሄደ ይቀዳል።

የሰዉ እሮሮ ሲበዛ ሹሙ አንድ ባለሙያ አስመጣ። ባለሙያው ገንዳ አስቆፍሮ ፍሳሹን አጠራቀመ፤ ዱቄት ጨመረበት፤ ማሽን ተከለበት።

«ይህ ማሽን የሚያጸዳው በድምፅ ነው» አለ።

ሹሙ ጆሮውን ጣል አደረገ። «የታለ ድምፁ?»

«ጌታዬ፣ በጣም ቀጭን ስለሆነ የሰው ጆሮ አይሰማውም። ውሃው ውስጥ ግን አረፋ እየፈጠረ ያፈነዳል፤ አረፋው ሲፈነዳ መርዙን ይሰባብረዋል። ዱቄቱ ሥራውን ያፋጥንለታል። ዱቄቱ ብቻውን ግን መልኩን ቢያጠራ ነው እንጂ መርዙን አይጨርሰውም።»

«የማይሰማ ድምፅ! ነገ ደግሞ የማይበራ መብራት ልታመጣልኝ ነው?» ብሎ ሹሙ ሳቀ። ሹም ሲስቅ የማይስቅ የት አለ፤ ጥርስ የሌለውም ሳቀ።

ባለሙያው ወደ አገሩ እንደሄደ ሹሙ ዘበኛውን ጠርቶ «ይሄን ዲዳ አጥፋው፤ መብራት በከንቱ ይበላል» አለው። ዱቄቱ ግን መጨመሩ አልቀረም። ውሃው ከገንዳው ጠርቶ ወጣ፤ ወደ ታች ሰፈርም ወረደ። ሹሙም በብርጭቆ እየቀዳ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳይ ጀመር። ያሳይ ጀመር አልኩ እንጂ ይጠጣ ጀመር አልወጣኝም።

ታች ሰፈር ዘርትሁን የምትባል ጎመን ሻጭ ነበረች፤ ባሏ ሞቶባት፣ ያላት አንዲት ላምና አንዲት ሴት ልጅ። ውሃው ሲጠራ ጊዜ እሷም አመነችው፤ የምንጩን መንገድ ተወችው። መጀመሪያ ላሟ ጨነገፈች። ቀጥሎ ልጅቷ ሆዷ ተነፍቶ ተኛች። ዘርትሁን ሹሙ ደጅ ሮጠች።

«ጌታዬ፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነው! ውሃው ነው!»

«ምን ሆነሻል አንቺ? ይኸው እዪው፣ እንደ መስታወት ጠርቷል!»

«እንግዲያው ይቅመሱት።»

«አልጠማኝም።»

«የኔ ልጅ ግን ጠምቷት ነበር» አለች።

ዘበኛው እየገፋ አስወጣት።

ከጊዜ በኋላ ባለሙያው ተመልሶ መጣና ማሽኑን በእጁ ዳሰሰው። ቀዝቅዟል።

«ማን አጠፋው?»

«ድምፅ የለውማ!» አለ ሹሙ። «ደግሞስ ምን ጎደለ? አንድ ሰው እንኳ ሲጮህ አልሰማሁም።»

ዘበኛው አንገቱን ደፋ። የዘርትሁን ልጅ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ማሽኑን መልሰው አስነሡት፤ እሷን ግን ማን ያስነሣት?

የዚህ ነገር ትርጉሙ ሩቅ አይደለም። ጥቁሩ ውሃ ቢያንስ ሰውን ያስፈራው ነበር፤ የገደለው ያማረው ነው። ዐይን የጠራውን ያያል እንጂ ንጹሑን አይለይም፤ ጆሮም ያልሰማውን ሁሉ የለም ይላል። በዐይኑና በጆሮው ብቻ የሚፈርድ ሹም ደግሞ የሚቀጣው በራሱ ልጅ አይደለም፣ በሰው ልጅ ነው።

እናንተስ? ድምፁ ስላልተሰማችሁ ብቻ ሥራ ፈት ነው ብላችሁ ያሰናበታችሁት ማን አለ?