በሰም የተሸፈነው ብር

በአንድ ወቅት፣ ባሕር መሻገር በነፍስ መቆመር በነበረበት ዘመን፣ ዘወንጌል የሚባል የጎንደር ነጋዴ ከምጽዋ ወደ የመን ወደብ ወደ ሞካ ተሳፈረ። ታናሽ ወንድሙን ክፍሎን የባሕር ወንበዴዎች ማርከው ሞካ ላይ በሰንሰለት አስረውታል። ዘወንጌል ያለውን ሁሉ ሸጦ ቤዛውን በብር አዘጋጀ። ሌባ እንዳያይበትም ብሩን ሣጥን ውስጥ ደርድሮ የቀለጠ ሰም አፈሰሰበትና አረጋው። ሰም ማን ይሰርቃል?

በሦስተኛው ቀን ማዕበል ተነሣ። የመርከቧ ባለቤት ሳሊም፣ «ከባድ ከባዱን ወደ ባሕር!» ብሎ ጮኸ።

ኢድሪስ የሚባል ጀበርቲ ነጋዴ አብሯቸው ነበር። የዕድሜ ልክ ልፋቱ አንድ ሣጥን ብር ነው። ማንም ሳያስገድደው በገዛ እጁ ገፍቶ ጣለው። ከዚያ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ሳሊም ወደ ዘወንጌል ዞረ። «ያንተስ ምንድን ነው?»

«ሰም ነው» አለ ዘወንጌል፣ ክፍሎን እያሰበ።

«ሰምስ ቀላል ነው፣ ተወው።»

መርከቧ ግን መዘንበሏን አልተወችም። ከእሷ ሌላ ሀብት የሌለው ሳሊም መጥረቢያ አነሣና የሸራዋን ምሰሶ ቆርጦ ጣለ። ሁሉም በሕይወት ሞካ ደረሱ፤ መርከቧ ግን ከዚያ ወዲያ ለማገዶ እንጂ ለሌላ አትሆንም።

በዚያ ባሕር ሕግ፣ ዕቃው የተረፈለት ዕቃውን ለጣለው ይክሳል። ስለዚህ ሦስቱም ቃላቸውን ሊሰጡ በሞካው ዳኛ በቃዲው ፊት ቀረቡ። ችሎቱ ግቢ ውስጥ ነው፤ ሣጥኑም ጠራራ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ዘወንጌል ደገኛ ነውና የሞካን ፀሐይ አልገመታትም። ዓይኑ ያለው ወደቡ ላይ ነው፤ ወንበዴዎቹ ክፍሎን አሳፍረው ሊወስዱት ጀልባቸው ሸራዋን እየዘረጋች ነበር። ቤዛው አሁኑኑ ካልደረሰ ወንድሙን ዳግም አያየውም።

«ምን ጭነህ ነበር?» አለው ቃዲው።

አፉን ሊከፍት ሲል ከሣጥኑ ጥግ አንዲት የሰም ጠብታ ወረደች። ከእሱ በቀር ያያት የለም።

«ብር ነው፣ ጌታዬ። ዋሽቻለሁ።»

ፈርቶ ይሁን አፍሮ እሱ ራሱም አያውቅም።

ኢድሪስ ብድግ አለ። «እኔ የኔን ባልጥል ያንተም ባሕር ውስጥ ነበር። ልጆቼን ምን ላብላ? አካፍለኝ!»

«ብር መሆኑን ባውቅ ምሰሶዬን ሳይሆን እሱን እጥል ነበር» አለ ሳሊም። «በኔ ኪሳራ የተረፈ ብር የኔ ነው።»

ዘወንጌል ተንበረከከ። «እኔን ባሪያ አድርጉኝ። ብሩ ግን ትንሽ ከጎደለ ክፍሎን አይለቁልኝም።»

ቃዲው ወደ ሣጥኑ ተመለከተ። ሰሙ ቀልጦ እየፈሰሰ ነው፤ ብሩ በየስንጥቁ ብልጭ ብልጭ ይላል። ወደቡ ላይ ጀልባዋ መልሕቋን አነሣች።

እናንተ የምትሰሙኝ፣ ጀልባዋ ከዓይን ሳትሰወር ፍረዱ፦ ብሩ ለማን ይገባል?