ልየው «አልታገዝም» ያለ ለት

ድግስ ሲደገስ የሚባል፣ ቤት ሲሠራ የሚባል፣ ለቅሶ ቤት ሲኬድም የሚባል አንድ አባባል አለ። ሁሉም አፉ ላይ አለ፤ ከማን አፍ እንደ ወጣ የሚጠይቅ ግን የለም። በጎጃም በአንድ የቅኔ ቤት ያደጉ ሽማግሌዎች ሲያወሩ እንደተሰማው ከሆነ፣ ነገሩ የተነሣው ልየው ከሚባል ተማሪ ግትርነትና እንዳላማው ከሚባል የጎጆ ባልንጀራው ምሬት ነው።

እንዳላማው ክፉ ሰው አልነበረም። ከልየው ጋር በአንድ ጎጆ መኖር ግን ጻድቁንም ያስረግም ነበር። የቅኔ ተማሪ የሚበላው ለምኖ ነው። ማለዳ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ያገኘውን ቁራሽ ይዞ ይመለሳል። ሁለት ሆነው አንድ ጎጆ የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ አንዱ ሲለምን አንዱ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል። ልየው ካለፈው ወር ወዲህ አይለምንም፣ አይቀዳም፣ አይለቅምም። እንዳላማው ለሁለት ይለምናል፤ ውሻ ሲነክሰውም የሁለት ሰው ንክሻ ይነከሳል። ደክሞ ያመጣውን ቁራሽ ሲያቀርብለት ልየው ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

«ብላ እንጂ!»

«በልቻለሁ።»

«ምን በልተህ? ግድግዳውን?»



ይባስ ብሎ ልየው ቅጸላ መውጣት ተወ። ቅጸላ ተማሪዎቹ ከዛፍ ሥር ክብ ሠርተው፣ የኔታ ያስተማሯቸውን እርስ በርስ የሚጠያየቁበት፣ አንዱ የሳተውን ሌላው የሚያቀናበት ሰዓት ነው። ልየው «ጫጫታው ራሴን ያዞረኛል፤ ብቻዬን አጠናለሁ» አለ። ሲመጣ ከሁሉም ፈጣን ተማሪ ስለ ነበር እንዳላማው ነገሩን ከትዕቢት ቆጠረው። «ከእኛ ጋር መቀመጥ ነውር ሆነበት! የለመንኩትን መብላት ግን ነውር አልሆነበትም» እያለ ለሰማው ሁሉ ያማርር ነበር። በእርግጥ ልየው የሚቀርብለትን አንድም ቀን ጠግቦ አልበላም፤ የተናደደ ሰው ግን ይህን አያይም።

በዚህ መካከል ጎጆዎቹ ጉንፋን ገባባቸው። ተማሪው ሁሉ ሲስል ሰነበተ። ከገደሉ በታች፣ ቆላው ላይ የአትክልት ቦታ ያላቸው አንድ ደግ ገበሬ ይህን ሰምተው «ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ሎሚ እሰጣለሁ፤ መጥታችሁ ውሰዱ» ብለው ላኩ። ተማሪዎቹ ሃምሳ ነበሩ። የኔታም ሰብስበው «ቅዳሜ ሁላችሁም ውረዱ፤ መንገዱንም የግእዝ ግስ እየተጠያየቃችሁ ሂዱ» አሉ።

ልየው ብድግ አለ። «የኔታ፣ ሌላው ለምን ይደክማል? እኔ ብቻዬን ወርጄ አመጣዋለሁ።»

የኔታ ፊቱን ትክ ብለው አዩትና «እንደ ወደድክ» አሉ።

እንዳላማው ጥርሱን አፋጨ። ለውሃ ያልተነሣ ሰው ለሎሚ ተነሣ!

ቅዳሜ ልየው በማለዳ ወረደ። ረፋዱ አለፈ፣ ቀትር አለፈ፣ ልየው የለም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የኔታ «በሉ ተነሡ፣ ወንድማችሁን ተቀበሉት» አሉ። ተማሪዎቹ ተግተልትለው ገደሉን ሲወርዱ፣ ከአቀበቱ እኩሌታ ላይ ትልቅ ስልቻ አዝሎ በጉልበቱና በመዳፉ ሲድህ አገኙት። ሎሚው እያንዳንዱ ቡጢ ያክላል፤ ወር ሙሉ ጠግቦ ላልበላ ሰው ከባድ ነው። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል፤ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«አምጣ፣ ልቀበልህ» አለ እንዳላማው።

«አትንካኝ! እኔ አመጣዋለሁ ብያለሁ።»

«ጉልበትህ እኮ እየተንቀጠቀጠ ነው።»

«አልታገዝም አልኩ!»

እንዳላማው ወሩን ሙሉ ያጠራቀመው ንዴት ገነፈለ። «አልታገዝም? ወር ሙሉ ቁራሹን ማን አመጣልህ? ውሃውን ማን ቀዳልህ? ያ እገዛ አልነበረም?» ብሎ ስልቻውን ጎተተ። ልየውም ጎተተ። ጠፍሩ ተበጠሰና ሎሚው በአቀበቱ ላይ ቁልቁል ተንከባለለ። አንዱ ድንጋይ ሥር፣ አንዱ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ አንዱ ተማሪዎቹ እግር መካከል።

ልየው የሚንከባለለውን እያየ መሬት ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። 

«እናቴ ሞታለች» አለ።

«መቼ?» አለ እንዳላማው።

«ወር ሆኗታል። አንድ ጨው ነጋዴ ሲያልፍ ነገረኝ።»

«አንተ ሰው! ለምን አልነገርከንም?»

«ከነገርኳችሁ ‹አገርህ ግባ› ትሉኛላችሁ። እሷ ደግሞ ‹ሳትማር እንዳትመለስ› ብላ ነው የሸኘችኝ። ሐዘኑን ብቻዬን ይዤ ልማር አልኩ። እሱ ግን አላስማር አለኝ። ጠዋት የያዝኩት ግስ ማታ የለም። ያበድኩ መሰለኝ። ሰው እንዳያውቅብኝ ተደበቅሁ። ሎሚውንም ብቻዬን ያልኩት መንገድ ላይ ግስ እንዳትጠይቁኝ ነው።»

እንዳላማው ንዴቱ አልበረደለትም፤ አሁን ግን በማን ላይ እንደሚያወጣው አላወቀም። «እኔ ስሰድብህ ዝም ብለህ ትሰማለህ? አንድ ቃል አቅቶህ!» አለና ከጎኑ ዘጭ ብሎ ተቀምጦ አለቀሰ። ሌሎቹም ባሉበት ተቀመጡ። እዚያው አቀበት ላይ ልየው ወር ሙሉ ያላለቀሰውን ለቅሶ ከባልንጀሮቹ ሁሉ ጋር አለቀሰው።

ሲረጋጉ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ዘገየ የሚባለው ተማሪ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ «እኔ አባቴ የሞተ ዓመት ዳዊት ጠፍቶብኝ ነበር» አለ። «ዳዊት! ከልጅነቴ የደገምኩት። አላበድክም ወንድሜ። ሐዘን እንዲህ ያደርጋል፤ ይመለሳል።»

ልየው ቀና ብሎ አየው። «አንተንም?»

«እኔንም» አለ አንድ ሌላ ከኋላ። «እኔ እንዲያውም የራሴን ጎጆ ስቼ ሰው ጎጆ ገብቼ ተኝቻለሁ።»

እያንዳንዱ ከእግሩ ሥር ያገኘውን አንድ ሎሚ አንሥቶ ጉዞ ጀመሩ። ለልየውም አንድ ደረሰው። እንዳላማው ከፊት ሆኖ ግስ ይጠይቃል፣ የተጠየቀው ይመልሳል፣ የሳተውን ያቀኑታል።

«ልየው! ሐለየ?»

«አሰበ።»

«ዘፈነ ነው እንጂ። ጠብቆ ሲነበብ ነው አሰበ፤ ላልቶ ሲነበብ ዘፈነ።»

ልየው መንገዱ ላይ ቆመ። «ወር ሙሉ ‹አሰበ› እያልኩ ነው የከረምኩት! ለዚያ ነው ቅኔው አልገጥም ያለኝ!»

«ቅጸላ ብትመጣ በአንድ ቀን ትገላገለው ነበር፤ አንተ ግትር!»

ሳቁ ገደሉን ሞላው። ልየውም ሳቀ። ሲስቅ እንባው እየወረደ ነበር፤ ማንም ተው አላለውም።

ደብሩ ሲደርሱ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ የሚኖሩት መነኩሲት፣ እማሆይ ይርገዱ፣ ከደጃቸው ቆመው አዩአቸው። አንዱ ሎሚውን ከበትሩ ጫፍ ሰክቶታል፣ አንዱ ወደ ላይ እየወረወረ ይቀልባል፣ አንዱ ከአፍንጫው ሥር ይዞ ያሸታል።

«ምነው ልጆቼ፣ በማን በዓል ነው እንዲህ ያጌጣችሁት?» አሉ።

«በዓል አይደለም እማሆይ» አለ እንዳላማው። «ልየው ብቻዬን ካልተሸከምኩ ብሎ ሊሞትበት የነበረ ሎሚ ነው። የእናቱንም መርዶ እንዲሁ ወር ሙሉ ብቻውን ተሸክሞት ኖሯል።»

እማሆይ ልየውን ሳብ አድርገው ግንባሩን ሳሙት፣ ከጎኑ የቆሙትን አንድ በአንድ አዩና አሉ፦ «አይ ልጄ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።»