ጭሱን መርቂልን

የወረዳው ምክር ቤት የሲሚንቶ ፋብሪካውን ጭስ የሚገድብ ደንብ ሊያጸድቅ ሳምንት ሲቀረው፣ ፋብሪካው በራሱ ወጪ የአየር ንብረት ምርምር ተቋም ከፈተ። ተቋሙም ጥናቱን በስድስት ቀን ጨረሰ። በሰባተኛው ቀን ደንቡ ሊጸድቅ አዳራሽ ስንሰበሰብ፣ የተቋሙ ኃላፊ ዶክተር ምንተስኖት ተነሥተው ውጤቱን አነበቡልን።

«ሙቀቱን ያባሰው ገበሬው ስለ ሙቀት አብዝቶ ማውራቱ ነው። ጭሱማ ለሰው ጥላ፣ ለማሳ ማዳበሪያ፣ ለደመናም እርሾ ነው!»

የምክር ቤቱ አባላት አጨበጨቡ፤ ምሳውን የጋበዘው ፋብሪካው ነበር።

ዶክተሩ ግን ጭብጨባው አልበቃቸውም። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ባልቴት አዩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ማሽላዋ ደርቆባታል፣ መልስም አይቸግራትም። እሳቸው የሚያውቁት ግን ሽበቷን ብቻ ነበር።

«እማማ፣ ሕዝቡ ጥናቱን መቀበሉ እንዲታወቅ ተነሥተው ይመርቁን!»

እምቢ ብትል ምርቃት የነፈገች ክፉ ልትባል ነው፤ ብትመርቅ ደንቡ ሊቀር ነው። ብድግ ብላ እጆቿን ወደ ዶክተሩ ዘረጋች።

«ልጄ፣ ይህ ጭስ ከደጅህ አይለይ!»

«አሜን!» አለ ከኋላ የተሰበሰበው ገበሬ።

«ጥላው ከልጆችህ ራስ ላይ አይነሣ! ማዳበሪያው ጓሮህን ይሙላው!»

«አሜን!» አዳራሹ ተናጋ። ዶክተሩ ግን አሜን አላሉም። ተመራቂው አሜን ካላለ መራቂ እጁን አያጥፍምና፣ ባልቴቷ እጆቿን እንደዘረጋች ጠበቀቻቸው።

«ምነው ልጄ፣ እርግማን መሰለህ እንዴ? ከጥናትህ ላይ እኮ ነው የወሰድኩት!»