እጅ በጋቢ

ሾላ አፋፍ የምትባለው መንደር ቁልቁለት ላይ የተቀመጠች ናትና ቤቱንም እርሻውንም ደግፎ የያዘው ያለ ጭቃ የተካበ ድንጋይ ነው። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ጠፈፍ ሲል የመንደሩ ሕፃናት አውድማ ላይ ተሰብስበው ድንጋይ ይክባሉ፤ ወላጆቻቸው ዙሪያውን ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ቀብረው ያያሉ። የልጁ ካብ ቢናድ፣ ልጁም ቢያለቅስ፣ እጁን አውጥቶ የሚያቃናለት የለም። እንግዳ ሰው «ምን ዓይነት ጨካኞች ናቸው!» ቢል አይፈረድበትም።

ሽማግሌዎቹ እንደሚናገሩት ነገሩ የመጣው ወልደየስ ከሚባል ካብ ሠሪ ነው። ወልደየስ ለአንድ ልጁ ለማንደፍሮ ከመጠን በላይ የሚሳሳ አባት ነበር። ልጁ ድንጋይ ባነሳ ቁጥር «ተው፣ እንደሱ አይደለም!» ብሎ ከእጁ ይነጥቅና ራሱ ያስቀምጥለታል። ማንደፍሮም የገዛ ካቡ ሲናድበት አንድም ቀን ሳያይ ጎረመሰ፣ ወርቅያንጥፉን አገባ፣ የውብዳር የምትባል ልጅ ወለደ ይባላል።

የአባትየው ዓይን ሲደክም ከቤታቸው በላይ ያለውን ካብ ማንደፍሮ ብቻውን ሠራው። ፊቱ ያማረ ነበር፤ ድንጋዮቹ ግን ወደ ውስጥ ዘልቀው አፈሩን አልያዙም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲጠና ካቡ መሃሉ ወደ ውጭ አብጦ ሆዱን ነፋ። ሆዱን የነፋ ካብ እንደሚናድ ማንደፍሮ በምን ይወቅ? ሊደግፈው ትከሻውን ሰጠ፤ እዚያው ከሥሩ ቀረ።

ከልቅሶው በኋላ ወልደየስን እህል አልወርድ አለው። የልጅ ልጁ አሁንም የምታድረው በዚያው ቁልቁለት ሥር ነበር፤ ሙያውን የሚያውቅ ሌላ ሰውም አልነበረም። መስከረም ሲጠባ የውብዳርን ከመንደሩ ልጆች ጋር አውድማ ላይ ሰብስቦ «እስቲ ካቡ» አላቸው። የውብዳር ትልቁን ድንጋይ በትንሹ ላይ ጫነችው። ተንዶ ጣቷን አቆሰላት።

እናትየው እየጮኸች ደረሰች። «አባቷ አልበቃዎትም? እያዩ ዝም ይላሉ?»

«እሱን ዝም ብዬ አይቼው ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር» አላት ሽማግሌው። ቀጥሎም፣ «እጄ ላቃናላት እያለ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ልጄ፣ በጋቢዬ እሰሪልኝ።»

ወርቅያንጥፉ ትኩር ብላ አየችው፤ ከዚያ እያለቀሰች አጥብቃ አሰረችው።

የውብዳር ጣቷን እየጠባች ብዙ ጊዜ ካበች፣ ብዙ ጊዜም ተናደባት። በመጨረሻ ሁለት ትልልቅ ድንጋዮችን ከሥር አድርጋ፣ የላይኛውን በሁለቱ መጋጠሚያ ላይ አሳረፈችው። ቆመ። የወልደየስ እንባ ጉንጩ ላይ ወረደ፤ የሚጠርግበት እጅ ግን አልነበረውም።

ከቤታቸው በላይ ያለውን ካብ አድጋ እንደገና የሠራችው የውብዳር እንደሆነች ይነገራል፤ ዛሬም እንደቆመ ነው። በሾላ አፋፍ ካብ ሆዱን ሲነፋ ሕፃን እንኳ አይጠጋም፤ ይሸሻል። አውድማው ላይ ግን የአንዱ ልጅ ካብ ተንዶ ልቅሶው ሲሰማ፣ የእናቱ ጋቢ ከውስጥ ሲንቀሳቀስ ይታያል። እጇ ግን አይወጣም።