መጋዙ ግንዱን አልቆርጥ ሲል

ጆሮ ላለው ልንገር፤ ጆሮ የሌለው እሳቱን ይቆስቁስ።

ከእንጅባራ ወዲያ፣ ዳገቱ ሁሉ ዛፍ በሆነበት አገር፣ ቢተው የሚባል ከሰል አክሳይ ነበር። ዛፍ ይቆርጣል፣ ያከስላል፣ ሚስቱን አትጠገብንና ሴት ልጆቹን ያኖራል። በሐምሌ አንድ ጧት፣ መሬቱ ሲዘነብበት አድሮ እንደ ገንፎ በላላበት፣ ከዳገቱ ሥር ቆሞ ቅርንጫፍ ሲመለምል ከበላዩ የነበረ ትልቅ ባሕር ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ መጣ። ቢተው ሊሮጥ አለ፤ ጭቃው አልለቀው አለ። ዛፉ ባፍ ጢሙ ደፋው፤ ግንዱም ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ተጭኖ ቀረ።

ሰው ደረሰ። የቢተው ግማሽ ፊት ጭቃ ውስጥ ነው። አፉ የገባውን እየተፋ አንዲት ነገር ለመነ።

«በጀርባዬ አስተኙኝ። ሌላ አልጠይቃችሁም። በጀርባዬ ብቻ አስተኙኝ።»

ትንሽ ልመና ናት። ሕፃን ልጅም በሌሊት እናቱን እንዲህ ይላታል። ግን እግሩ የተያዘ ሰው እንዴት ይገለበጣል? ግንዱ ቢተውን አልለቅ አለ።

ወንዶቹ በአጣና ሊፈነቅሉት ሞከሩ፤ አጣናው ሰመጠ። በመጥረቢያ መቱት፤ በየምቱ ግንዱ ሸርተት ይላል፣ ቢተውም ሰው በማይጮኸው ጩኸት ይጮኻል።

«ተዉት! ወገቡ ላይ ሊወጣበት ነው! ወንድሜን ጥሩልኝ፣ ከነመጋዙ!» አለች አትጠገብ።

ወንድሟ አለልኝ ባገሩ አንድ ለናቱ የሆነ የሞተር መጋዝ አለው። በትከሻው ተሸክሞ እየተንሸራተተ ወረደ። ገመዱን ሳበ፤ መጋዙ ጮኸ። «ተመስገን» አሉ ሰዎቹ። አለልኝ መጋዙን ወደ ግንዱ አዘነበለና ጥርሱን ቅርፊቱ ላይ ሲያሳርፈው፣ ጡር፣ ጡርርር፣ ጥፍ። ደግሞ ሳበ። ጡር፣ ጡርርር፣ ጥፍ።

መጋዙ ግንዱን አልቆርጥ፣ ግንዱ ቢተውን አልለቅ አለ።

«ነዳጁ ውሃ ገብቶበት ይሆናል» አለ አለልኝ፤ ደፋውና ሌላ ሞላ። ጡርርር፣ ጥፍ። «እንግዲያስ እሳት የሚረጨው ካንዴላ ነው።» ፈታው፣ በሸሚዙ ጠረገው፣ መልሶ ገጠመው። ጡርርር፣ ጥፍ። የአየር ማጣሪያውን አራገፈ። የነዳጁን ክዳን አላላ። መጋዙ ሥራ ፈቶ የሚያጉረመርምበትን ሚኒሞ ከፍ አደረገ። ቀጥ አድርጎ ሲይዘው እንደ ልቡ ይጮኻል፤ ወደ ግንዱ ሲያዘነብለው ይሞታል።

ያኔ አለልኝ እጁን አቆመ። ትንሽ አሰበ። በሽቦ ከነዳጅ መያዣው ውስጥ ቀጭኗን ቱቦ ስቦ አወጣት። እንደ ደረቀ ጠፍር ተሰነጣጥቃለች።

«ይቺ ናት እቴ» አለ እህቱን። «ሲያዘነብል ስንጥቁ ይከፈታል፤ መጋዙ በነዳጅ ፈንታ አየር ይጠጣል። ይህችን የምታህል ሌላ ቱቦ ባገኝ ባንድ አፍታ በቆረጥኩት።»

ቱቦው መጋዙን አላጠጣ፣ መጋዙ ግንዱን አልቆርጥ፣ ግንዱ ቢተውን አልለቅ አለ።

የሰው ሁሉ ዓይን ወደ አንድ ቦታ ሄደ። ከቢተው ራስጌ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ፋንታነሽ የግሉኮስ ከረጢት ቅርንጫፍ ላይ ሰቅላ ክንዱን በመዳፏ እየመታች ደም ሥር ትፈልጋለች። ከከረጢቱ ቀጭን፣ ጥርት ያለ ቱቦ ተንጠልጥሏል።

«አይሆንም» አለች ማንም ሳይጠይቃት። «ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ከተቆረጠ ደግሞ አይገጥምም።»

«እህቴ፣ ባሌ ይሙት ነው የምትዪው?» አለች አትጠገብ።

«እንዳይሞት ነው። እግሩ ተጨፍልቆ ቆይቷል። ግንዱ ሲነሳ እዚያ የታቆረው ክፉ ደም ባንዴ ወደ ልቡ ይሄዳል። ግሉኮስ ካልገባለት እጄ ላይ ይቀራል።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ደም ሥሩም አልገኝ ብሎኛል። መኪና አምጥታችሁ እዚህ አጠገቤ አቁሙልኝ። ወዲያው ወደ ሆስፒታል የሚበር ከሆነ ቱቦውን እሰጣለሁ። አለዚያ አልሰጥም።»

ሲስተሯ ቱቦ አልሰጥ፣ ቱቦው መጋዙን አላጠጣ፣ መጋዙ ግንዱን አልቆርጥ፣ ግንዱ ቢተውን አልለቅ አለ።

አትጠገብ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ዳገቱን ወጣች። ከላይ ጥርጊያው ላይ የሾፌሩ የምንይችል አይሱዙ ከሰል ጭና ቆማለች። ምንይችል ነገሩን ሰምቶ ከሰሉን ገና ሳትለምነው ማራገፍ ጀምሯል።

«ልቤስ መጥቷል እትዬ» አላት። «መኪናዋ ናት የማትመጣው። ጎርፉ የታቹን መንገድ በልቶታል። የቀረው በጋሽ ዳምጤ ደን ውስጥ የሚያልፈው ነው። እሱ ደግሞ በር አለው፤ በሩም ተቆልፏል።»

አትጠገብ ጋሽ ዳምጤ ሲባል ዞራ ባሏ ወዳለበት አየች፤ ከዚያ ወደ በሩ ሄደች።

በሩ መኪናውን አላሳልፍ፣ መኪናው ሲስተሯ ዘንድ አልደርስ፣ ሲስተሯ ቱቦ አልሰጥ፣ ቱቦው መጋዙን አላጠጣ፣ መጋዙ ግንዱን አልቆርጥ፣ ግንዱ ቢተውን አልለቅ አለ።

ጋሽ ዳምጤ ማን ናቸው? አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ሽባባው ይባላል። አባትና ልጅ ተጣልተው ሽባባው ከቤት ወጣ፤ ከቢተው ጋር ዛፍ መቁረጥ ያዘ። ያለፈው ዓመት ቢተው የቆረጠው ዛፍ ባልታሰበ በኩል ወድቆ ሽባባውን ገደለው። ሲሞት አጠገቡ የነበረው ቢተው ብቻ ነው። ሽማግሌ ገባ፣ ጥፋት አልተገኘም፣ እርቅ ወረደ። ግን ጋሽ ዳምጤ አንድ ነገር ለመኑ፤ «ልጄ ሲሞት ምን አለ?» ብለው። ቢተው አልነገራቸውም። ደጋግመው ላኩበት፤ አልነገራቸውም። ከዚያ ወዲህ በቢተው ደጅ አላለፉም።

አትጠገብ በሩ ላይ ደረሰች። ሽማግሌው ከበሩ ጥግ፣ ከቆርቆሮ ክዳን ሥር ተቀምጠዋል። እግራቸው ላይ ወደቀች።

«ጋሼ፣ ስለ እመቤታችን! በሩን ይክፈቱልኝ። ባሌ ከግንድ ሥር ነው።»

«ሰማሁ» አሉ። «ከጧት ጀምሮ ጩኸቱን እሰማለሁ። ልጄም እንዲህ ጮኾ እንደሆን ስጠይቅ ነው ያረፈድኩት።»

«ጋሼ…»

«ገንዘብ አልፈልግም። ካሳ አልፈልግም። ቃሉን አምጪልኝ። የልጄን ቃል ካፉ ተቀብለሽ አምጪ፤ በሩ ያኔ ይከፈታል።»

ጋሽ ዳምጤ በሩን አልከፍት፣ በሩ መኪናውን አላሳልፍ፣ መኪናው ሲስተሯ ዘንድ አልደርስ፣ ሲስተሯ ቱቦ አልሰጥ፣ ቱቦው መጋዙን አላጠጣ፣ መጋዙ ግንዱን አልቆርጥ፣ ግንዱ ቢተውን አልለቅ አለ።

አትጠገብ ቁልቁል ተመለሰች። ባሏ አጠገብ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል፤ ሲስተር ፋንታነሽ ጉንጩን እየነካካች እንዳያሸልብ ታስቸግረዋለች።

«ቢተው፣ ሽባባው ምን ነበር ያለው? ንገረኝ።»

ቢተው አንድ ዓይኑን ገለጠ። «እሱን ተዪው።»

«በሩ የሚከፈተው በሱ ነው!»

«አባት የሚችለው ቃል አይደለም። እኔ ልቻለው ብዬ ነው ያኖርኩት።»

ሰማችሁ? ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከተነሳበት ገባ። ቢተው ቃሉን አልናገር፣ ጋሽ ዳምጤ በሩን አልከፍት፣ በሩ መኪናውን አላሳልፍ፣ መኪናው ሲስተሯ ዘንድ አልደርስ፣ ሲስተሯ ቱቦ አልሰጥ፣ ቱቦው መጋዙን አላጠጣ፣ መጋዙ ግንዱን አልቆርጥ፣ ግንዱ ቢተውን አልለቅ አለ። ዝናቡም ደግሞ ጀመረ።

አለልኝ የማይሠራውን መጋዝ እንደ ልጅ ታቅፎ ቆሟል። «እቴ» አለ በሹክሹክታ፣ «ምን ቸገረሽ? ‹አባቴን ሰላም በሉልኝ› ብሏል በያቸው። ማን ያውቃል?»

ቢተው ሰማው። «በሞተ ልጅ አፍ አትዋሹ» አለ። ውሃው ባገጩ ሥር ይወርዳል። ከዚያ አትጠገብን «ጆሮሽን አምጪ» አላት።

ጆሮዋን አስጠጋች፤ ነገራት። አትጠገብ ቀና ስትል ፊቷ የሌላ ሰው ፊት ነበር። ይህን ቃል ሰምቶ በር የሚከፍት አባት አለ? የለም። እስከ ዘላለም ይቆልፋል እንጂ።

ስለዚህ ዳገቱን ስትወጣ ውሸቱን እያጠናች ወጣች። አባቴን ሰላም በሉልኝ ብሏል፤ አባቴን ይቅር በለኝ በሉልኝ ብሏል፤ እናቴን አደራ ብሏል። የቱ ይሻላል? በየርምጃዋ አንዱን ትጥላለች፣ ሌላውን ታነሳለች። እግሯ ሲያዳልጣትም አፏ አላቋረጠም።

ጋሽ ዳምጤ ከሩቅ አዩዋት። ከመቀመጫቸው ተነሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጋቢያቸውን አውርደው እንደ ለቅሶ ቤት አጣፉትና ዝናቡ እየመታቸው ቆመው ጠበቁ።

አትጠገብ ያጠናችው ሁሉ ጠፋት። እንዲህ ለቆመ ሰው እንዴት ይዋሻል?

«‹አባቴን አትጥሩብኝ› ነው ያለው» አለች።

ሽማግሌው አልተንቀሳቀሱም።

«ይኸው ነው? ሌላስ?»

«ሌላ የለም ጋሼ። ቢተው ወደ እርስዎ ሊሮጥ ሲነሳ ነው ያለው። ‹አባቴን አትጥሩብኝ› አለና አለፈ።»

ዝናቡ ባርኔጣ በሌለው ራሳቸው ላይ ወረደ። አትጠገብ ዓይኗን ጨፈነች፤ በልቧ ባሏን ቀበረችው።

«ከዚሁ በር ነው ያባረርኩት» አሉ ጋሽ ዳምጤ። «‹ብትሞት እንኳ እንዳትጠራኝ› ብዬ። ቃሌን ጠበቀልኝ።»

ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡ። ቁልፉ ቀዳዳውን ሳተ፤ ደግሞ ሳተ። አትጠገብ እጃቸውን ይዛ አብራ አዞረች።

ጋሽ ዳምጤ በሩን ከፈቱ፤ በሩ መኪናውን አሳለፈ፤ መኪናው ሲስተሯ ዘንድ ደረሰ፤ ሲስተሯ ቱቦውን ቆርጣ ሰጠች፤ ቱቦው መጋዙን አጠጣ፤ መጋዙ አዘነበለ፣ ጮኸ፣ ጮኸ፣ አልጠፋም፤ ግንዱን ከግራም ከቀኝም ቆረጠ፤ ግንዱ ቢተውን ለቀቀ። ወንዶቹም አንስተው በጀርባው አስተኙት።

ዝናቡ ፊቱ ላይ ወረደ፤ ጭቃውን አጠበው። ቢተው አፉን ከፍቶ ዝናቡን ጠጣ።

እግሩ እንዳልተረፈ ልንገራችሁ፤ ሆስፒታል ሲደርስ ከጉልበቱ ቆረጡት። ነፍሱ ግን ተርፋለች። አሁን የምነግራችሁ ከዚያ በፊት፣ በመንገዱ ላይ የሆነውን ነው።

አይሱዙዋ ላይ የከሰል ጆንያ አንጥፈው ጫኑት። ሲስተር ፋንታነሽ ካንድ ጎኑ ተቀምጣ በጣሳ ውሃ ትግተዋለች፤ አትጠገብ እግሩን በጉያዋ ይዛለች። መኪናዋ ልትነሳ ስትል ጋሽ ዳምጤ ማንንም ሳይጠይቁ ወጡና ከሌላው ጎኑ ተቀመጡ። በደናቸው ውስጥ አለፉ፤ በሩን አለፉ። ዋናው መንገድ ላይ ሲወጡ ሽማግሌው ጎንበስ አሉ።

«ቢተው። ልጄ ያንን ሲል ተቆጥቶ ነበር?»

ቢተው ዓይኑን ገለጠ። «አልተቆጣም» ማለት ይቀል ነበር፤ አትጠገብ እንዲለው በልቧ ለመነችው።

«አላውቅም ጋሼ» አለ። «ድምፁ አነስተኛ ነበር። እጄን ግን ይዞ ነበር። እስኪያልፍ አልለቀቀኝም።»

«የትኛውን እጅህን?»

ቢተው ጭቃ የደረቀበትን ቀኝ እጁን ከጆንያው ላይ ትንሽ ቀና አደረገ።

ጋሽ ዳምጤ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። እንጅባራ ሆስፒታል ደርሰው ሰዎቹ በቃሬዛ ሊያወርዱት ሲመጡ፣ ሲስተር ፋንታነሽ ጣታቸውን አንድ በአንድ አስለቀቀቻቸው።